ድርብ ስፌት

ቬልማ ሃስኬት የማትፈራው ነገር አልነበረም። ነጎድጓድ ትፈራለች፣ ደረጃ ትፈራለች፣ ስልክ ሲጮኽ እንኳ ትደነግጣለች። ነብራስካ በሚባለው የአሜሪካ ገጠር ልጅ ሳለች፣ አውሎ ነፋስ የጎረቤታቸውን የጎተራ ጣሪያ ገንጥሎ ሲወስደው በመስኮት አይታለች። ከዚያ ወዲህ ነገር በአንድ ስፌት ይያዛል ብላ አምና አታውቅም። ቁልፍ ስትተክል ሁለቴ፣ ጠርዝ ስትዘመዝም ሁለቴ። እናቷ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቀሚስ ነው ወይስ ድንኳን?» እያለች ትስቅባት ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ላለችው ሴት ምን ዓይነት ባል ቢደርሳት ጥሩ ነው? ከጣሪያ ላይ እየዘለለ እንጀራውን የሚበላ! ኦርቪል ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በተዋንያን ፈንታ የሚወድቅ ሰው ነበር። ከፈረስ ይወድቃል፣ ከመኪና ይወድቃል፣ ከፎቅ ይወድቃል። አንደኛው ውድቀት ግራ ጆሮውን ወስዶበታል። ጦርነቱ ሲመጣ ሊዘምት ሄዶ፣ ሐኪሙ በግራ ጆሮው በኩል ቢያንሾካሽክበት አልሰማ ሲል ጊዜ ወደ ቤቱ መለሰው። ከዚያ በኋላማ የሰፈሩ አሽሙር አያድርስ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ገና ከበሩ ሲገባ፣ «እሺ ኦርቪል፣ ዛሬስ ስንት ጀርመን ጣልክ?» ይለዋል። ኦርቪል ያልሰማ ይመስል ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በደህናው ጆሮው ግን ሰምቶታል።

ያን ጊዜ ልጁም ወታደሩም ከእጁ የማይለየው በዐሥር ሳንቲም የሚሸጠውን ባለሥዕል መጽሔት ነበር። ከሁሉ የገነነው «የንጋት ዘቦች» ነው፤ ጭንብል ያጠለቁ አምስት ጀግኖች ተባብረው የናዚ ሰላዮችን አጥንት የሚሰባብሩበት። አንድ ትንሽ የፊልም ሠሪ ድርጅት ይህን ወስዶ በየቅዳሜው የሚታይ ተከታታይ ፊልም ሊሠራ ተነሣ። ገንዘብ የለውም። ለአምስት ጀግና አምስት ዘላይ ማን ይከፍላል? ፊታቸው እንደሆነ ተሸፍኗል፤ ስለዚህ ኦርቪል ለሁሉም ይዝለል ተባለ። ጠዋት በቀይ ካባ ይወድቃል፣ ከምሳ በኋላ በአረንጓዴ ይወድቃል። ለሴቷ ጀግና ሳይቀር የጥጥ ጡት አስሮ ዘሏል።

ቬልማን እዚያው ልብስ ክፍል አስገባት። የክፍሉ አለቃ ሚስስ ታትል ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር አስጠነቀቀቻት።

«ካባ ትከሻ ላይ የሚያያዘው በአንድ ልል ስፌት ነው። የሆነ ነገር ቢይዘው ወዲያው መበጠስ አለበት። ሰውየው ይወርዳል፣ ካባው ይቀራል። ገባሽ?»

«ገባኝ እሜቴ።»

ገብቷታል። ግን ልል ስፌት በሰፋች ቁጥር እጇን ይበላት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ የድብድብ ትዕይንት እየተቀረጸ ሳለ ቀዩ ካባ መሐል ላይ ወለቀ። በጦርነቱ ምክንያት የፊልም ጥቅል በራሽን ተመጥኖ ነው የሚገኘው፤ የአንድ ቀረጻ መበላሸት ማለት ትልቅ ጉድ ነው። ዳይሬክተሩ ሚስተር ክራንደል ካባውን እንደ ሞተ ዶሮ አንጠልጥሎ ልብስ ክፍል ገባ። ሚስስ ታትል ወደ ቤቷ ሄዳለች።

«ይሄን የሰፋው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች ቬልማ።

«ስሚ! ነገ ባልሽ ይሄን ለብሶ ከጣውላው ማማ ላይ ይዘላል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማነሣው፣ ለሁለተኛ የሚሆን ፊልም የለኝም። ይሄ ጨርቅ ደግሞ ከወለቀ አንቺንም፣ ያንን ደንቆሮ ባልሽንም ጠራርጌ ነው የማስወጣችሁ!»

በሩን ገጭ አድርጎ ዘግቶት ወጣ። ቬልማ ካባውን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ሥራቸው ቢቀር የት ይገባሉ? ማንስ ይቀጥራቸዋል? ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም፤ የሚጮኸው አፍ ብቻ ነበር የሚታያት። ወፍራሙን የድንኳን ክር አወጣች። ካባውን ትከሻው ላይ ሁለቴ ሰፋችው፣ ጫፉንም ቋጠረችው። ሳበችው፤ ንቅንቅ አላለም። ያን ቀን ማታ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

በማግስቱ ማማው ሥር ቆማለች፤ መቀሷ እንደ ወትሮው በጥብጣብ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ታች ካርቶን ተደርድሮ ፍራሽ ተነጥፎበታል። ኦርቪል ጫፉ ላይ ወጥቶ እግሩን ያመቻቻል። ነፋስ ተነሣ። ቀዩ ካባ ተንሳፈፈና ከጣውላው ጠርዝ ላይ የወጣ የብረት ሜንጦ ዳሰሰ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ።

የሠራችው ሥራ ያን ጊዜ ታያት። አፈር በበላሁ! ካሜራው መቅረጽ ጀምሯል፤ ካሜራ ከጀመረ ደግሞ ከዳይሬክተሩ በቀር ማንም ትንፍሽ አይልም፣ ማንም ወደ ፊት አይራመድም። እንደ ምንም ብላ፣ «ኦርቪል!» ብላ ጮኸች።

የቆመችው በግራ ጆሮው በኩል ነበር። ዘለለ።

ካባውን ሜንጦው ያዘው። ስፌቱ አልተበጠሰም፤ የቬልማ ስፌት መች ይበጠሳል! ኦርቪል አየር ላይ ቀጥ አለ፤ ኮሌታው አንገቱን አንቆት እግሩ ይወራጫል።

«እንዳታቆሙ!» አለ ክራንደል። «እዩት እስቲ፣ እንዴት ነው የሚሠራው!»

ድራማ መስሎታል። ሁሉም ቆሞ ያያል። ቬልማ እንዴት ካሜራው ፊት እንደገባች አታውቅም። ደረጃ የምትፈራው ሴት በማማው መሰላል ወጣች። ታች አላየችም፤ የባሏን ሲር ሲር የሚል ጉሮሮ ብቻ ትሰማለች። ደረሰች። መቀሷን ካባው ላይ አሳረፈችና እየቆረጠች፣ «ቆይልኝ፣ ቆይልኝ፣ በናትህ ቆይልኝ» ትላለች። ጨርቁ ተተረተረ። ኦርቪል ፍራሹ ላይ ወደቀ። በጎኑ ተገልብጦ ያስል ጀመር።

እሷን ለማውረድ ሁለት ሰው ወጣ። መሰላሉን አቅፋ አልለቅም ብላ ነበር።

ፊልም አይጣልም፤ ያነሡትን ተጠቀሙበት። እሷ ከገባች በኋላ ያለውን ቆርጠው ጥለው፣ ጀግናው ተንጠልጥሎ ሲወራጭ ክፍሉ እንዲያበቃ አደረጉት። ቅዳሜ ሲደርስ ኦርቪል ካላየሁት አለ፤ አብረው ገቡ። ሲኒማ ቤቱ በልጆች ጩኸት ይናጋል። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ቬልማ ዓይኗን ጨፈነች፤ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦም ከላይ እስከ ታች ትንቀጠቀጣለች። ከኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«እትዬ፣ አይዞሽ። በሚቀጥለው ሳምንት ይተርፋል። ሁሌም እኮ ይተርፋሉ።»

ውጭ ሲወጡ ፀሐይ ነው። ቬልማ መሄድ አቃታት። ዞራ በደህናው ጆሮው በኩል ቆመች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሁለቴ ሰፋሁት። በድንኳን ክር። እኔ ነኝ ልገድልህ የነበረው።»

«አውቃለሁ» አለ ኦርቪል። ድምፁ ገና አልተመለሰም፣ ይሻክራል። «ጠዋት ስለብሰው ሳብ አድርጌ አየሁት። ያንቺን ስፌት አጣዋለሁ እንዴ?»

ክው አለች። «ታዲያ ለምን አልበጠስከውም?»

«ብበጥሰውና ቢወልቅ ያ ሰውዬ መጥቶ ይጮኽብሻል። ያን ቀን ማታ ደግሞ ተኝተሽ ነበር። አንቺ ስትተኚ እኮ አይቼ አላውቅም ማለት ይቻላል።»

ቬልማ አንገቱን አየችው። ኮሌታው የሰነበረው ቦታ ገና ቀይ ነው። አሁን ነው የፈራችው፤ ከማማውም ከክራንደልም ይልቅ ይህንን ሰው ፈራችው።

«ሁለተኛ እንዲህ ብታደርግ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ሁለተኛ ለኔ ብለህ እንዲህ ብታደርግ፣ ያኔ በእጄ ነው የምገድልህ። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

ኮሌታውን እንደጨበጠች መንገድ ጀመሩ። ሰው ዞር እያለ ያያቸዋል። ቤት እስኪደርሱ አልለቀቀችውም።