የአደይ ለታይ ድንጋይ

በቀደም ከእንዳ ኢየሱስ ቁልቁለቱን ስወርድ አንዲት በለስ ሻጭ ጋ ቆምኩ። ሐምሌ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ በለሱ ቅዝቅዝ ብሏል። በለስ ደግሞ እንዲህ በማለዳ፣ ቆመው፣ ከሻጯ እጅ እየተቀበሉ ሲበሉት ነው የሚጥመው። ልጅቱ ገና ወጣት ናት። ሁለተኛውን ልጣ እያቀበለችኝ፣ "አደይ፣ ከእንግዲህ እዚህ አያገኙኝም" አለችኝ ፊቷ በርቶ። "ተደራጅተናል። ሼድ ሊሰጡን ነው።"

እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ወጉ ነበር። የእኔ ዓይን ግን የተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ሄደ።

እኔም በእሷ ዕድሜ በለስ ሻጭ ነበርኩ፤ እዚሁ መቀሌ። የመጣሁት ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ፣ ልባሽ ጨርቅ የሚነግድ ወንድሜን ተከትዬ ነው። ወንድሜ ንግዱ አልቀና ሲለው ወደ ሑመራ ተሻገረ። እኔ ቋንቋውን ሳላውቅ፣ ዘመድ ሳይኖረኝ ቀረሁ። አስጠግተው ሥራ ያስያዙኝ አደይ ለታይ ናቸው። አደይ ማለት በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ ለእኔም እናት ነበሩ። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኔ እስላም። በረመዳን አጠገቤ ውሃ አይጠጡም፤ በፍልሰታ እኔም ወጡን በቅቤ አልሠራም ነበር።

የበለስ እሾህ ለዓይን አይታይም። ሣር ላይ በመጥረጊያ እያሹ ቢያራግፉትም ጣት ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና ማታ እንጀራ ሲቆርሱ መኖሩን ያሳውቃል። ሥራው ጫፍና ጫፉን ቆርጦ፣ ወገቡን ሰንጥቆ፣ ልጣጩን ገለጥ አድርጎ ፍሬውን ማቅረብ ነው። አብዝቶ የበላ ሰው በማግስቱ የሚደርስበትን መቀሌ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኛ ግን "ይብሉ" እንላለን እንጂ "ይበቃዎታል" ብለን አናውቅም፤ ነጋዴ ነንና።

መንገድ ዳር እያንዳንዷ ሻጭ የምትቀመጥበት ድንጋይ ነበራት። ድንጋይ አይሸጥም፣ አይከራይም። ሴትዮዋ ሥራውን ስትተው ለወደደቻት መርቃ ትሰጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ የተመረቀችው ነው፣ ማንም አይነካባትም። ጽሑፍ የለው፣ ማኅተም የለው፣ ግን በድንጋይ ሲጣሉ አይቼ አላውቅም። የአደይ ለታይ ድንጋይ ታክሲ ሰው የሚያወርድበት ጥግ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። እኔ ከጎናቸው ሳህኔን ዘርግቼ እውል ነበር።

ችግራችን ደንብ አስከባሪዎቹ ነበሩ። ሲመጡ ሳህን ታቅፎ መሮጥ ነው። እኔ እሮጥ ነበር። የአደይ ለታይ ጉልበት ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየከዳቸው ሄደ፤ አንድ ቀን ሲወድቁ በለሱ አስፋልት ላይ ተበተነ፣ መኪና ሄደበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ የማይሮጡበት ቦታ።

ስለዚህ ከቀበሌ መጥተው "ተደራጁ፣ ሼድ ይሰጣችኋል፣ ከዕድገቱ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም" ሲሉን በደስታ አለቀስን። እኔን መታወቂያ የለሽም፣ መጤ ነሽ ብለው ሊያስቀሩኝ ነበር። አደይ ለታይ ብድግ አሉ።

"ይህቺን ጓለይን፣ ልጄን፣ ካልመዘገባችሁ እኔንም ተዉኝ። መጤ ትላላችሁ እንዴ? በለሱም እኮ ከገጠር በማኪና ነው የመጣው።"

ሰብሳቢው ሳቀና መዘገበኝ።

ሼዱ በቆርቆሮ የተሠራ፣ ቀለም የተቀባ፣ በር ያለው ነበር። ሪባን ተቆረጠ፤ ሞቅ ያለ ንግግር ተደረገ፤ እኛም እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። በዚያው ሳምንት አደይ ለታይ ድንጋያቸውን ሙሉ ለምትባል ልጅ ያዘለች ሴት ሰጡ። ባሏ የሞተባት ናት። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው፣ በትግርኛ ረጅም ምርቃት መረቋት። ሙሉም ጉልበታቸውን ሳመች። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ፣ እኛ ወደ ላይ ወጥተን ለሌላ ሰው መውጫ የተውን መስሎኝ ኮራሁ።

ክረምቱ ጥሩ አለፈ። ዝናብ ሲመጣ አንሮጥም፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ አንሮጥም። እንዲያውም አንዱ ደንብ አስከባሪ እየመጣ በለስ ይበላ ነበር፤ እኔ ሆን ብዬ ያልበሰለውን እሰጠዋለሁ፣ አደይ ለታይ ይቆጡኛል።

ጥቅምት ገባና በለስ አለቀ። በለስ የክረምት ነው፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። አደይ ለታይ ገብስ ቆልተው ይዘው መጡ። ተቆጣጣሪው ፈቃዳችሁ የሚለው ፍራፍሬ ነው፣ ቆሎ መሸጥ ክልክል ነው አለ። ሙዝና ብርቱካን ማምጣት እንደምንችል በደግነት ነገረን፤ በምን አቅም እንደምናመጣ ግን አልነገረንም። እኛም እንደ ወትሮው በሩን ቆልፈን፣ አደይ ለታይ ወደ ዘመዶቻቸው አጨዳ፣ እኔ ወደ ቀን ሥራ፣ አሸዋ ወደ መሸከም ሄድን።

ከአጨዳው ሲመለሱ አብረን ወደ ሼዱ ሄድን። ቁልፋችን አልከፍት አለ። ቁልፉ ተቀይሯል። በበሩ ስንጥቅ ስናይ ውስጡ የሌላ ነጋዴ የቀለም ቆርቆሮ ተደርድሯል። ቀበሌ ሄደን ስንጠይቅ ያ የሳቀው ሰብሳቢ፣ ዛሬ ሳይስቅ፣ "ሼድ ለሚሠራ ሰው ነው። ተዘግቶ የከረመ ይነጠቃል፤ ደንብ ነው" አለን።

"በለስ በጥር አይበቅልም፣ ወደይ፣ ልጄ" አሉት አደይ ለታይ።

"እሱ የእኛ ጉዳይ አይደለም" አላቸው።

የሰጠ ቢነሣ የለበትም ወቀሳ ይባላል። ይህ ግን ስለ ፈጣሪ የተባለ ነው፤ ለቀበሌ ማን እንዳዋሰው እንጃ።

ሐምሌ ሲመለስ ሳህናችንን ይዘን ወደ ጥጉ ወረድን። ሙሉ ድንጋዩ ላይ ናት። እኛን ስታይ ምንም ሳትጠየቅ ተነሣች፣ ድንጋዩንም በነጠላዋ ጠረገችላቸው።

"ተቀመጪ" አሏት አደይ ለታይ።

"የእርስዎ ነው እኮ፣ አደይ።"

"መርቄ ሰጥቼሻለሁ። በምርቃት የተሰጠ አይመለስም፤ ነውር ነው።"

ብለምናቸው አልሰሙኝም። ከጥጉ አልፈው ጥላ በሌለበት፣ ሰው በማያልፍበት ዳገት ላይ ተቀመጡ። አንድ ጠዋት ደንብ አስከባሪዎቹ መጡ፤ ሁላችንም ሮጥን። አደይ ለታይ አልተነሡም። ያ ያልበሰለ በለስ የማበላው ደንብ አስከባሪ ሳህናቸውን ከነበለሱ አንሥቶ መኪና ላይ ሲጥል ተቀምጠው አዩት። ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ወደ ከተማ አልተመለሱም፤ ሞታቸውንም የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው።

እኔ ትግርኛውን ለምጄ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ጦርነቱንም እንደ ሁሉም ሰው አሳልፌ እዚሁ አለሁ። ዛሬም "ድሃውን ያካተተ" የሚል ንግግር በሬዲዮ ስሰማ ተነሥቼ እዘጋዋለሁ። ማካተቱን አልጠላሁም። የሚያካትቱን ሰዎች በየትኛው ወር በልተን በየትኛው ወር እንደምንራብ ሳይጠይቁ ነው፣ ያለችንን ቦታ አስለቅቀው የማትሆነንን የሚሰጡን።

ለልጅቱ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። የእሷም ቦታ ደህና ጥላ አለው። ለማን እንደምትተወው ጠየቅኳት።

"አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ አለች። እሷን እመርቃታለሁ" አለችኝ።

"እንዳትመርቂያት" አልኳት። "ለጊዜው ጠብቂልኝ በያት እንጂ፣ ሰጠሁሽ የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ምቀኛ ሴትዮ ሳትለኝ አልቀረችም፤ ትበል። አደይ ለታይ ግን ቢሰሙኝ ያፍሩብኝ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ምክሬ ትክክል መሆኑን እያወቅሁ ማፈሬ።