የወለተሩፋኤል እንባ

ለቅሶ ቤት ገብቶ የሰው ጉንጭ የሚመረምር ሰው ያናድደኛል። ያዘነ ሁሉ እንባው ይወርዳል ያለው ማነው? ጎረቤቴ ወለተሩፋኤል በዚህ ነገር ስትንገበገብ ስላየሁ ነው።

ወለተሩፋኤል አዘዞ የምትኖር የቀሚስ ጥልፍ ሠሪ ናት። ሃምሳን አልፋለች፤ ባልም ልጅም የላትም። ያላት አንድ ወንድም መልካሙ ነበር፤ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎ ድብ ባሕር በሚባል አገር ትዳር ይዞ እያረሰ ሲኖር ባለፈው ዓመት በድንገት ሞተ።

ቀብሩ ላይ አብሬያት ነበርኩ። ደረቷን እየደቃች ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። እንባ ግን ጠብ አላላትም። አሸዋ እንደገባበት ሰው የቀላ ዓይኗን ታሻለች እንጂ ጉንጯ አልረጠበም። ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። የመልካሙ ሚስት ጥሩ ግን ፊት ለፊት ተናገረች፤ በቁስሏ እንጨት ሰደደችባት።

«ምነው እታለም? ላሳደግሽው ልጅ አንድ ዘለላ እንባ ይታጣ? ሞቱ ካላሳዘነሽ ደጃችንን ምነው ረገጥሽ?»

ከዚያ ወዲህ ስትደውልላት ጥሩ አታነሳም። ወለተሩፋኤል ከወንድሟ ቤት ሌላ የምትሄድበት ዘመድ የላትም። ይባስ ብላ ራሷን መጠርጠር ጀመረች። «እውነት ጨክኜ ይሆን?» ትለኛለች። ዓይኗም ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እስኪያቅታት ይደበዝዝባታል። እያመነታች ጎትቼ ዓይን ክሊኒክ ወሰድኳት።

ሐኪሟ ሕሊና የምትባል ልጅ እግር ናት። በመሣሪያ አየቻትና «እናቴ፣ ዓይንዎ በቂ እንባ አያመነጭም፤ ደርቋል» አለቻት። አንዱ ምክንያት ዕድሜዋ ነው፤ ጥልፉ ላይ ስታፈጥም ዓይኗን ማርገብገብ ትረሳለች። በሥራ መሀል ቀና እያለች ዓይኗን እንድታርገበግብ፣ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ የዓይኗ ቆብ ላይ እንድታሳርፍ፣ ከጭስና ከነፋስ እንድትርቅ መከረቻት። እንባን የሚተካ ጠብታም አዘዘችላት።

«ያድነኛል?»

«ያስታግስልዎታል። ሳያቋርጡ መጠቀም ነው።»

ቃጠሎው ቀለል አላት። የመልካሙ አርባ ሲደርስ ግን የጥሩን ፊት ፈራች። «በሽታ ነው ብለሽ ንገሪያት» ብላት «ማን ያምነኛል?» አለች።

ድብ ባሕር ከሚኒባስ ስንወርድ ነፋሱ አቧራ እያነሳ ይገርፋል። ዓይኗ ወዲያው ተቃጠለ። የአርባው ጸሎት የሚደረስበትን ቤተ ክርስቲያን ግንብ ተደግፋ ጠብታውን ጨመረች፤ ብልቃጡን ጠበቅ አድርጋ ስትጫነው በዛባትና በሁለቱም ጉንጯ ወረደ።

ጥሩ ከሩቅ አየቻት። ሮጣ መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «አለቀስሽለት! ይቅር በይኝ እታለም፤ ክፉ ተናገርኩሽ። ቤቱ ቤትሽ ነው።»

ወለተሩፋኤል ብልቃጡን በመዳፏ ጨብጣ ወደ እኔ አየች። ልትነግራት ነው ብዬ ጠበቅኩ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ጥሩን አጥብቃ አቀፈቻት።

በመመለሻችን አዘዞ ስንቃረብ «ወንድሜን ስቀብር ያመነኝ አልነበረም» አለች። «በገዛሁት ውኃ አመኑኝ።»

ይህን ብላ አለቀሰች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጉንጯ ደረቅ ነው።