ባንኮክ የቀረው ክር

የአዲስ ጎማና የማስቲሽ ሽታ ከካርቶን ውስጥ ብቅ ሲል ትዝ የሚለኝ ጫማ ሳይሆን ክር ነው። ሰሞኑን ለአባቴ ጫማ ልገዛ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ወዳለ አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ሻጩ የካርቶኑን ክዳን ሲያነሳው ያው ሽታ መጣና፣ እናቴ ተንበርክካ፣ እግሬን መሬት አስረግጣ፣ ራሷ የፈተለችውን የጥጥ ክር ከተረከዜ እስከ አውራ ጣቴ ስትዘረጋ ታየችኝ።

ደርግ ከወረደ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እናትና አባቴ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ልብስ የሚሸጡባት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረቻቸው። እኔ አሥር ዓመት ሞልቶኝም ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ታናሽ ወንድሜን ምሕረቱን አዝዬ እውል ነበርና፣ እኩዮቼ ደብተራቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ሲያልፉ በአጥራችን ቀዳዳ እያየሁ እሸኛቸው ነበር። በልጉ ዝናብ መሬቱ ሲረሰርስ ግን አንድ ወሬ ቤታችን ገባ፤ አባቴ ከአዲስ አበባ ነጋዴ ዘመዱ ጋር ባንኮክ ወደሚባል ከተማ ዕቃ ሊገዛ ሊሄድ ነው፣ እናቴም አብራው ትሄዳለች ተባለ። እሱ የሚያብለጨልጭ ሁሉ ጥሩ ይመስለዋል፤ ጨርቅን በጣቷ ዳስሳ የምታውቀው እሷ ነበረች።

«ስንመለስ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ» አለችኝ እናቴ። «አክስትሽ ታደለች ከገረሴ መጥታ ሕፃኑን ትይዛለች። ጫማም እናመጣልሻለን፤ ይህን አክለሽ ከሚጢጢዎቹ ጋር በባዶ እግርሽ ቆመሽ አታሳፍሪኝም።»

እኔ ሁለቱን ነገር አንድ አድርጌ ያዝኩት፤ ጫማ ካለ ትምህርት ቤት አለ፣ ጫማ ከሌለ የለም።

በቤታችን እግር የሚያጥበው አባቴ ነበር። አመሻሽ ላይ ውሃ ለብ አድርጎ በሳፋ ያመጣና፣ እግራችንን መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ ሙጀሌ ገብቶ እንደሆነ እያገላበጠ ያይ ነበር። ጎረቤቶች «በዚህ ቤት እግር አጣቢው አባወራው ነው እንዴ?» ብለው ሲስቁበት፣ «ሙጀሌ የበላው እግር ምን እንደሚመስል የኔን እዩት» እያለ የተጣመሙ ጣቶቹን ያሳያቸው ነበር። እኔን ግን ካምናው ጀምሮ «አንቺማ ትልቅ ሰው ሆነሻል፣ ራስሽ ታጠቢ» ብሎ ትቶኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ ሄዱ። እናቴ የኔንና የምሕረቱን ክር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ በሶና ቆሎ በከረጢት ይዛ ወጣች። አክስቴን «የት ደርሰው ይሆን?» ስላት «ከባሕር ማዶ» ትለኝ ነበር፤ እኔ የማውቀው ባሕር አባያ ብቻ ስለነበር፣ ምሕረቱን አዝዬ ሐይቁ ወደሚታይበት ጉብታ እየወጣሁ፣ ማዶ ካሉት ሰማያዊ ተራሮች ሥር በአንዱ ሱቅ በር ላይ ሲከራከሩ ይታዩኝ ነበር። ካልተመለሱስ የሚለውን ሐሳብ ለማንም አልተናገርኩትም።

ተመለሱ። የጉዟቸውን ወሬ ከዚያ በኋላ ለዓመታት እየተቀባበሉ ሲያወሩት ኖረዋል። ሙቀቱ የኛው የአርባ ምንጭ ሙቀት ሆኖ፣ ገበያውን ሙዝና ማንጎ ሞልቶት ስታይ እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ ሙዝ ልታሳየኝ ነው ይህን ሁሉ በሰማይ ያዞርከኝ?» ብላው ነበር። ሻጮቹ ዋጋ በካልኩሌተር እየጻፉ ሲያሳዩአቸው አባቴ ወዲያው ይስማማና፣ እሷ በኮቱ ጫፍ ጎትታ ታወጣዋለች፤ ሻጩ ከኋላ እስኪጠራቸው ድረስም ዞር ብላ አታይም ነበር።

አንድ ጠዋት ዘመዳችን ለራሱ ጉዳይ ሄዶ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ለኛ ጫማ ሊገዙ ወጡ። መንገዱ ጠባብ፣ ቅያሱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነባቸው። እናቴ የደጋው የገረሴ ልጅ ናት፤ እዚያ ጭጋግ ሲወርድ ከፊት የሚሄድ ሰው ከኋላው ለሚመጣው ሣር እየቋጠረ ያልፋል። ሣር ብትፈልግ አጣች። ስለዚህ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ፣ የመጀመሪያው ቅያስ ላይ የኔን ክር ከአንድ የብረት ምሰሶ ላይ አሰረችው፤ ሁለተኛው ላይ የምሕረቱን።

«የልጆቹን እግር እያሰርሽው ልትሄጂ ነው?» አላት አባቴ።

«ስንመለስ እፈታዋለሁ። ዝም ብለህ ተከተለኝ።»

ጫማ መሸጫው ደርሰው ሻጯ «ለስንት ዓመት ልጅ?» እንደማለት እጇን ዝቅ ከፍ ስታደርግላቸው፣ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች፤ ባዶ ነው። አባቴ ሳቁ አላስቆም ብሎት ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጠ። ተመልሰው ሲሄዱ የምሕረቱ ክር ነበረ። የመጀመሪያው ቅያስ ላይ ግን ምሰሶው አለ፣ የኔ ክር የለም። ጠራጊ ይውሰደው፣ ነፋስ ይውሰደው፣ አልታወቀም። ያኔ እናቴ መንገድ ዳር አለቀሰች። «ልጄን ጫማ ብያት መጥቼ!» አለች።

አባቴ ወደ ሻጯ መልሶ ወሰዳትና መዳፉን ዘረጋ። «የአስቴር እግር ከዚህ እስከዚህ ነው» አለ፣ ከእጁ አንጓ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ እያሳየ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ስንት ዓመት ያጠብኩትን እግር!»

ሻጯም ጫማ እያነሳች መዳፉ ላይ ትለካ ጀመር።

ያመጡልኝ ሰማያዊ ሸራ ጫማ፣ ጫፉ ነጭ ጎማ ነበር። የምሕረቱ ልክክ አለ። የኔን ሳጠልቀው ተረከዜ ውጭ ቀረ። ሁሉም ቆመው ያዩኛል። ጣቶቼን አጥፌ፣ ትንፋሼን ይዤ ገፋሁት።

«እንዴት ነው?» አለ አባቴ።

«ልኬ ነው።»

እሱም መዳፉን ለእናቴ አሳያትና «አላልኩሽም?» አለ።

መስከረም ጠባ፣ አደይ አበባው በየመንገዱ ዳር ፈነዳ፣ እኔም እያነከስኩ ትምህርት ቤት ገባሁ። ከሚጢጢዎቹ ኋላ ተቀምጬ «ሀ»ን ጻፍኩ፤ ከሕመሙ ደስታዬ ይበልጥ ነበር። ቤት ስመጣ ከሰው ፊት እግሬን መታጠብ ተውኩ። አባቴ ይህን ልብ ብሎ ኖሮ አንድ አመሻሽ «ነይ እስቲ፣ ዛሬ እኔ ልጠብሽ» አለኝና እግሬን መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ጣቶቼ ከጣቶቹ ጫፍ አልፈው ወጡ። የቆሰለውን ተረከዜን አየ፤ ከዚያ እጁን አየ።

«ከትምህርት ቤት አልቀርም!» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ማን ቅሪ አለሽ?» አለኝ ውሃውን ቀስ አድርጎ እያፈሰሰልኝ። «እግርሽ አድጓል። እጄ አምና ላይ ቆሞ ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ገበያ ጫማ ሰፊው ዘንድ ወስዶኝ የጫማው አፍንጫ ተቆረጠ፣ ጣቶቼ ወደ ውጭ ወጡ። ክፍል ስገባ ሚጢጢዎቹ «አዞዋ መጣች! አፏን ከፍታ መጣች!» ብለው ጮኹ። እኔም ጣቶቼን እያንቀሳቀስኩ «አዎ፣ ቁርስም አልበላሁ» አልኳቸው። ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ጫማ ነው።

እናቴ ካረፈች ቆየች። አባቴ ቁርጭምጭሚቱ እያበጠ ከደጃፍ ብዙም አይርቅም፤ ዛሬ እግር የማጥበው እኔ ነኝ። ዛሬ ጫማ ሁሉ ቁጥር አለው፣ የማያውቁትን ከተማ ቅያስም ስልክ ያሳያል፣ ሣር የሚቋጥር የለም። እኔ ግን ወደ ገበያ ከመውጣቴ በፊት በነበረው አመሻሽ፣ እግሩን አድርቄ ሳበቃ ከእናቴ እንዝርት የተረፈ ክር አውጥቼ ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ ዘረጋሁ። አባቴ ከላይ ሆኖ አየኝና «አደራሽን አስቴር፣ መንገድ ላይ እንዳታስሪው» አለኝ።

ሻጩ ካርቶኑን ይዞ «ቁጥሩ ስንት ነው እትዬ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የነጠላዬን ጫፍ ፈታሁ።