ምርቃት የተጠየቅንበት ቀን

ከሥራ ወደ ቤት ስሄድ ከባጃጅ አውርደው ያዙኝ። "ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ" ያሉኝ ሰዎች ያስገቡኝ ከባሕር ዳር ወጣ ያለ መጋዘን ውስጥ ነው። በፊት የቆጋ መስኖ ድንች ይከማችበት ነበር መሰለኝ፤ የበሰበሰ ድንች ሽታ ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ከጣና በኩል ነፋስ ሲመጣ ቀለል ይላል፣ ነፋሱ ሲቆም ይመለሳል። እኔ ሞኙ ለአንድ አፍታ ነው ብዬ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ዋልሁ።

እስር አይሉትም፤ ሥልጠና ነው የሚሉት። ጠዋት ጠዋት አሠልጣኙ እየመጣ ይናገራል፣ እኛ ወለሉ ላይ ተቀምጠን እናንቀላፋለን። ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ዜጋ አስተምር ስለነበር ገና አፉን ሲከፍት መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ከቁንጫውም ከብርዱም ይልቅ እኔን የገደለኝ መሰልቸቱ ነው።

ፍራሻቸውን ያካፈሉኝ አንድ የሐይቅ ዳር ሰው፣ ጀልባ ሠሪ ሽማግሌ ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ በዕድሜም ሁላችንን ይበልጣሉ። ለምን እንደታሰሩ እሳቸውም አያውቁ፣ የነገራቸውም የለ። ሐሳባቸው ሁሉ ዓርብ ላይ ነበር። ዓርብ የአንዲት ሴት ልጃቸው ኒካህ ይታሰራል። በእነሱ ደንብ ልጅቱን የሚድራት አባት ነው፤ ሰው መወከል ቢቻልም፣ እሳቸው በገዛ አፋቸው ሊድሯት ሲመኙ የኖሩ ናቸው።

ማክሰኞ አሠልጣኙ ደስ ብሎት መጣ። "ነገ የመዝጊያ ፕሮግራም አለ። እንግዶች ይመጣሉ፣ ካሜራም አለ። ሥልጠናው ቅቡልነት እንዲኖረው ከእናንተው መካከል ሽማግሌ ይመርቃል" አለ። ከዚያ ወደ እኛ ፍራሽ መጥቶ ቁጢጥ አለና "አባባ፣ እርስዎ ይመርቁልን። በሠልጣኙ ስምም ያመስግኑ። ሲያልቅ በእንግዶቹ መኪና ቤትዎ ይገባሉ፤ ለዓርብም ይደርሳሉ" አላቸው። ስለ ዓርቡ ማን እንደነገረው እንጃ።

እሱ ሲሄድ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር፣ ቅቡልነት ሲል ምን ማለቱ ነው?"

ስንት ዘመን ሳስተምረው የኖርሁት ቃል ነው፤ ያን ዕለት ግን የመጽሐፉን ትርጉም ልናገር አፈርሁ። "ጉልበት ያለው ሰው ጉልበቱ ብቻ አይበቃውም አባቴ" አልኋቸው። "ጉልበቱ ያረፈበት ሰው ራሱ 'ይገባሃል፣ ደግ አደረግህ' እንዲለው ይፈልጋል። እሱ ነው ቅቡልነት።"

"ታዲያ በግድ ይገኛል?"

"አይገኝም። ለዚህ ነው የለመኑዎት።"

ጢማቸውን ያሹ ጀመር። እኔ ግን ያ ሁሉ ትንታኔ ምን እንደሚፈይድላቸው ሳስብ በራሴ ተናደድሁ። "ይተዉት እባክዎ፣ ይመርቁና ይሂዱ። ማንም አይታዘብዎትም" አልኋቸው። ሌሎቹም ይህንኑ አሉ። ከልባችን ነበር። ከእኛ አንድ ሰው እንኳ ሲወጣ ማየት አምሮን ነበር።

በማግስቱ ወለሉ ተጠረገ፤ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፤ እንግዶቹ ተቀመጡ። ሽማግሌው ሲጠሩ ኩፊያቸውን አስተካክለው ተነሡና እጃቸውን ዘረጉ። እኛም ዘረጋን።

"ደጅ ላይ ምሳ ይዘው ፀሐይ የሚመታቸውን እናቶች ጉልበታቸውን ያበርታ።"

"አሜን!"

"የታመመውን ይማር። ያለ ፍርድ የገባውን በፍርድ ያውጣ።"

"አሜን!"

በሩ ላይ የቆሙት ጠባቂዎችም አሜን አሉ። ሽማግሌ ሲመርቅ አፍ ይቀድማል እንጂ ማን አስቦ ይላል? አንዱማ ጠመንጃውን ብብቱ ሥር ወትፎ መዳፉን ዘርግቷል። አሠልጣኙ ጠጋ ብሎ "አባባ፣ ስለ ሥልጠናው" አላቸው በሹክሹክታ። እሳቸው ድምፃቸውን አልቀነሱም።

"ዱዓ ላይ አይዋሽም ልጄ። ለናንተም ልብ ይስጣችሁ፤ ከዚህ በላይ የለኝም።"

ተቀመጡ። ካሜራ የያዘው ሰው ካሜራውን አወረደ። እንግዶቹ ሲሄዱ መኪናው ውስጥ ሰፊ ቦታ ነበር፤ ግን እሳቸውን የጠራ የለም።

ሐሙስ ወንድማቸው ምግብ ይዞ መጣ። በሽቦው ማዶ ቆሞ ማልቀስ ሲጀምር ሽማግሌው ተቆጡት። ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ እኔንና ጠባቂውን "ስሙ፣ ምስክር ሁኑ" ብለው፣ "ልጄን ለመዳር ወክዬሃለሁ። ወድጄ፣ ፈቅጄ ነው። ይህንኑ ንገርልኝ" አሉ። ጠባቂው ሰዓት ሞልቷል ማለት ሲገባው እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ ፍራሹ ተመልሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከሶላት በቀር ከፍራሹ አልተነሡም።

ሁለታችንም ከወጣን ቆይተናል። አልፎ አልፎ ሐይቁ ዳር ጀልባ ሲጠርቡ ሄጄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። እኔ አስተማሪ ስለሆንሁ ለነገሩ ሁሉ ትልቅ ትርጉም መስጠት እወዳለሁ። ባለፈው ጊዜ "ያን ዕለት እኮ እኛን ሁሉ ነው ያኮሩን" አልኋቸው።

መጥረቢያቸውን አቆሙ።

"እሱስ ይሁን። ደግሜ ብጠየቅም ሌላ አልልም" አሉኝ። "ግን መምህር፣ ልጄን ሲወስዷት አላየሁም።"