መሬሪድ ዝም ያለችበት ቅዳሜ

ያን ቅዳሜ ነፋስ አልነበረም። አበርላስ በምትባለው ከተማ ውስጥ ነፋስ የሌለበት ቀን ሲመጣ ሰው ይጠራጠራል። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ የመብራት ምሰሶዎቹ ከወገባቸው በላይ አይታዩም። ዝናቡ አባርቷል፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ግን ጠብ ሲል ይሰማል። እንዲህ ባለ ቀን አንድ ሰው ከሜዳው ማዶ ቢያስነጥሰው ከወዲህ ሆነው "ይማርህ" ይሉታል።

መሬሪድ ከቤቷ ስትወጣ ይህን አስተዋለችና ደስ አላላትም። ለመዘመር ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። እሷ ደግሞ ያን ቀን ላለመዘመር ቃል ገብታለች።

መሬሪድ ትምህርቷን ገና በልጅነቷ ትታ ካልሲ ፋብሪካ የገባች ሴት ናት። ፋብሪካው ሲዘጋ የአዛውንቶች ማረፊያ ወጥ ቤት ገባች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የራግቢ ክለቡን ወጥ ቤት ትይዛለች። ስለ ራሷ ብዙ አታወራም። ሰው የሚያውቃት በመዝሙሩ ነው። አበርላስ ሜዳ ላይ የድምፅ ማጉያው የፈለገውን ይጩህ፤ የቡድኑ የመጀመሪያ ተጫዋች ጫማ ከመውጫው በር ብቅ ሲል፣ ከበሩ በላይ ካለው መቀመጫ አንድ ሰው ያንን የድሮ የቤተ ጸሎት መዝሙር ያነሳል፤ ሁለተኛውን ስንኝ ሕዝቡ ይቀበላል። አንሺው ባሏ ኤምሪስ ነበር። ከሱ በፊት አጎቱ።

ኤምሪስ የሞተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጃቸው ኢየስቲን ያኔ ገና ለቡድኑ መሰለፍ መጀመሩ ስለነበር፣ ጨዋታው እንዳይረበሽበት ብለው ሳይነግሩት ቀሩ። ልጁ ከበሩ ሲወጣ መዝሙር አጣ። ቀና ብሎ የአባቱን ቦታ አየ። ማንም ሳይነግረው ገባው። በሚቀጥለው ጨዋታ ሰዉ እርስ በርሱ ሲተያይ፣ መሬሪድ ዝምታውን መቋቋም አቅቷት ተነሳችና መዝሙሩን አወጣችው። የሾማት የለም። ከዚያ ወዲህም የጠየቃት የለም። ድምፅዋ ወፍራምና ሻካራ ነው። ጎረቤቷ ነሪስ "ዘይት እንዳልነካው በር ነው የምትጮኸው፤ ግን በሩ ይከፈታል" ትላለች።

ኢየስቲን ከዚያ ወዲህ የቡድኑ አምበል ሆኗል። ጆሮዎቹ፣ ሁለቱ ቡድኖች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው በሚገፋፉበት ግፊያ ብዛት ተጨማደዋል። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖረው ቡድኑ ልምምድ በሚያደርግበት በባሕሩ ዳርቻ ነው። ሲደውል አጭር ነው።

የዚያን ዓመት ቡድኑ ቅጠል ከረገፈ ጀምሮ አላሸነፈም። ከዚያ ቅዳሜ በፊት ባለው ሐሙስ አመሻሽ ላይ የደጋፊዎች ማኅበር በክለቡ ቤት ተሰበሰበ። መሬሪድ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ሳህን ታደርቃለች።

"እኔ መሸነፋቸውን አይደለም የምለው" አለ ዴልዊን፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ቢራውን ከእጁ ሳያወርድ። "ሽንፈትን አያቴም ያውቀው ነበር። ግን ድሮ ሲሸነፉ ያፍሩን ነበር። እሑድ ጋዜጣ ልገዛ ስወጣ፣ የተሸነፈ ተጫዋች ካየኝ መንገድ ይቀይር ነበር።"

"እኔም ሳይህ እቀይራለሁ፤ ተሸንፌ ግን አይደለም" አለች ነሪስ።

ሳቁ አለቀና ነገሩ ተመልሶ መጣ። ከሳቅ በኋላ ሁልጊዜ ወደዚያው ነው የሚመለሰው። አንዱ ከውጭ አገር የመጡትን ተጫዋቾች ወቀሰ። አንዱ የመጡት ሳይሆኑ ያመጧቸው ናቸው አለ። አንዱ ደግሞ ልጆቹ በጆሯቸው ሙዚቃ ወትፈው ሰው ሰላም ሳይሉ ያልፋሉ አለ። ከዚያ የፓይ ነገር ተነሳ።

አበርላስ ውስጥ ከጨዋታ በኋላ ያሸነፈም የተሸነፈም የክለቡ ቤት ገብቶ ከደጋፊው ጋር በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የስጋ ፓይ ይበላል። አፍንጫውን የሰበሩት ሰው ከሰባሪው ጎን ተቀምጦ ሰናፍጩን ያቀብላል። አዲሱ አሰልጣኝ ግን ይህን አስቀረ። ተጫዋቾቹ ተመዝኖ በሳጥን የታሸገ ዶሮና ሩዝ ተሰጥቷቸው በቀጥታ ወደ አውቶቡሱ ይገባሉ። መስኮቱ ጥቁር ነው፤ ማን የት እንደተቀመጠ አይታይም።

"ፓይ ያከብዳቸዋል ብሎ እኮ ነው" አለ አንዱ።

"ሳይበሉትም አልሮጡ" አለ ዴልዊን።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ካዶጋን እስኪወጣላቸው ጠበቀ። ቀጭን ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

"ስድቡን ለምደውታል" አለ። "ብንቀርም ጉዳያቸው አይደለም። እኔ የምለው፣ ገብተን ዝም እንበል። እስከ እረፍት ድረስ አንድም ድምፅ እንዳይሰማ። ባዶነቱን ይስሙት። ያኔ የማን ልጆች እንደሆኑ ያስታውሳሉ።"

"ዝም? ዴልዊንም ጭምር?" አለች ነሪስ።

"እኔ በሕይወቴ ዝም ያልኩት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ብቻ ነው" አለ ዴልዊን። "እሱም አፌን ከፍቼ።"

ሐሳቡ ግን ያዛቸው። ዝምታ፤ እንዴት እስከ ዛሬ አልመጣልንም ተባባሉ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ሁሉም ወደ ባንኮኒው ዞሩ። መሬሪድ ሳህኑን ይዛ ቆመች።

"ያላንቺ አይሆንም" አለ ካዶጋን። "አንቺ ካነሳሽው ሰው ሳያስበው ይከተላል። እንደ ማዛጋት ነው።"

"የአምበሉ እናት እኮ ናት" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። "ምን ትላለች ብላችሁ ነው የምትጠይቋት?"

"የአምበሉ እናት ከመሆኗ በፊት የኛ ናት" አለ ዴልዊን።

በሁለት ወገን ጎተቷት። መሬሪድ ደክሟት ነበር። ያን ዓመት ሙሉ ፓይውን ጋግራ ደርድራ ስትጠብቅ፣ ልጇ በመስኮቷ በኩል አልፎ አውቶቡስ ሲገባ አይታለች። ዞር ብሎ አይቷት አያውቅም። ፓይው ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚረጋውን ስብ እያየች ብዙ ነገር በሆዷ ይዛለች። ማን ላይ እንደተናደደች በደንብ ሳትለይ "እሺ" አለች። "እስከ እረፍት።"

ለተጫዋቾቹ ማንም እንዳይነግር ተማማሉ። ዓርብ ስልኩን ሁለቴ አንስታ አስቀመጠችው። ቃል ነው። ደግሞም ልጅ እናቱን ከናፈቀ ይደውል፤ እንዲህም አለች በሆዷ።

ቅዳሜ ቦታዋ ላይ ደረሰች። ሁልጊዜ ትቆማለች፤ ያን ቀን ግን ቆማ ሳታስበው እንዳታነሳው ብላ ቁጭ አለች። ከፊቷ ትከሻው በር የሚያክል ሰው ነበር። ካዶጋን ከታች ወደ ሕዝቡ ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። የመጀመሪያው ጫማ ብቅ አለ፤ የኢየስቲን ነው። ዝም። ከቆርቆሮው ውሃ ብቻ ጠብ፣ ጠብ።

ኢየስቲን ከበሩ አፍ ላይ ቆመ። ከኋላው የሚመጡት ገጩት።

እንግዲህ አበርላስ ሜዳ ላይ ሕዝብ ዝም የሚለው በሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ፣ ኳስ ተተክላ ሰው ወደ ጎል ሊመታ ሲል፤ መቺው ባላጋራ ቢሆንም። ሁለተኛው፣ ሰው ሲሞት ነው። ኳስ የተከለ ሰው የለም። ያን ሁሉ ሰዓት ሲከራከሩ ያመሹት ሰዎች፣ ሕፃን የሚያውቀውን ይህን ነገር አንዳቸውም አላሰቡትም።

ኢየስቲን ተጫዋቾቹን ወደ መሃል ወሰደ። ተሰለፉ፤ ትከሻ ለትከሻ ተቃቀፉ፤ አንገታቸውን ደፉ። እንግዳው ቡድን ይህን ሲያይ ነውር እንዳይሆንበት ፊት ለፊት ተሰልፎ አንገቱን ደፋ። ዳኛው ግራ ቀኙን አየና ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ይህን ጊዜ የዴልዊን እጅ ራሷ ሄዳ ኮፍያውን አወለቀች። ጎኑ ያለውም አወለቀ። ሰልፍ በሰልፍ፣ መቀመጫው ሁሉ ራሱን ገልጦ ተነሳ።

"ማን ነው የሞተው?" አለ ዴልዊን በሹክሹክታ።

"እኔ እንጃ። ዝም በል" አለች ነሪስ።

"ዝም ብያለሁ እኮ። ለሱ አይደል የመጣነው?"

ካዶጋን ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ፊቱ ቀልቶ ቆሟል። ለተቃውሞ የመጣ ሕዝብ ቀብር ላይ ቆመ።

መሬሪድም ከሁሉም ጋር ተነስታለች፤ ግን ያ ሰውዬ ከፊቷ ነው። በትከሻው አሻግራ ስታይ፣ ሌሎቹ አቀርቅረው ኢየስቲን ብቻ ቀና ብሏል። ቦታዋን ያያል። በጉሙና በዚያ ትከሻ መካከል ይፈልጋታል፤ አያገኛትም። ልጇ ከዚያ በር ወጥቶ መዝሙር ያጣው አንድ ቀን ብቻ እንደነበር ያኔ አስታወሰች።

ፊሽካው ተነፋ። ጨዋታው ተጀመረ። ቃል ያለበት ሕዝብ ኮፍያውን መልሶ ተቀመጠና ዝም አለ። ኢየስቲን የመጀመሪያዋን ኳስ ከእጁ ጣላት። ሁለተኛዋ ስትመጣ ዓይኑ ወደ መቀመጫው ነበር፤ አንድ የእንግዳው ቡድን ልጅ በጎኑ አልፎ ሮጠና ከመስመሩ ማዶ ኳሷን መሬት አስነክቶ ነጥብ አስቆጠረ። ማንም አልጮኸም። የልጁ የራሱ ጓደኞች እንኳ ደስታቸውን በለሆሳስ አደረጉት።

"እስከ እረፍት ብለሻል" አለች ነሪስ፣ እጅጌዋን ይዛ።

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ቁጭ በያ።"

መሬሪድ ደግማ መቆሟን አላወቀችም ነበር። ቁጭ አለች። ከታች ኢየስቲን ቁስል የሚያጥበውን የሕክምና ሰው ክንዱን ይዞ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ ወደ መቀመጫው ያመለክታል። ሰውየው ትከሻውን ይነቀንቃል። አላውቅም ማለቱ ነው። ኢየስቲን በማልያው ፊቱን ጠረገ፤ ዝናብ ግን አልነበረም።

መሬሪድ ተነሳችና አወጣችው።

የመጀመሪያው ቃል ተሰበረ። ቢሆንም ያ ነፋስ የሌለበት ቀን ተቀብሎ ከሜዳው ማዶ አደረሰው። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨረሰችና እንደ ልማዷ ቆመች፤ ሕዝቡ እንዲቀበል። አልተቀበለም። አንድ ሰው "ሽሽ" አላት። ሁለተኛውን ስንኝ ብቻዋን ዘምራው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ተሸክሟት የሚሄደው ሕዝቡ ነበር። ቃሉ እንዴት እንደሆነ ለአፍታ ጠፋት። እየተንገዳገደች ሄደችበት። እስከ መጨረሻው።

ኢየስቲን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ብዙ እንደሮጠ ሰው ተነፈሰ። ከዚያ ሄዶ ጭንቅላቱን ግፊያው ውስጥ ከተተ።

ቡድኑ ተሸነፈ። እንደሌላው ጊዜ ነው የተሸነፈው፤ በሱ የተለወጠ ነገር የለም።

ከጨዋታው በኋላ የክለቡ ቤት በር ተከፈተና ኢየስቲን በጭቃ ጫማው ገባ። አውቶቡሱ ውጭ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ከባንኮኒው ፊት ቆሞ አንድ ፓይ አነሳ።

"እማ፣ ታመሽ ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ?"

"ዝም በይ ብለውኝ ነው።"

"እነማን?"

በአገጯ ቤቱን ሙሉ አሳየችው።

"አንቺም እሺ አልሽ?"

"እሺ አልኩ።"

ከፓይው ገምጦ አኘከ። "እኔ ላይ?" አለ በኋላ።

"አንተ ላይ። ፓይው በየሳምንቱ ይቀዘቅዛል። አሰልጣኙ ነው እንዳትለኝ፤ አንገትህንም አሰልጣኙ ነው የያዘው? ከመስኮት እጅ ማውለብለብ ይህን ያህል ይከብዳል?"

"አውለበልባለሁ እኮ" አለ። "በየሳምንቱ አውለበልባለሁ። መስኮቱ ጥቁር ነው፤ አይታይሽም።"

ፎጣውን አጥፋ ዘረጋችው። አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ፤ ኢየስቲን የቀረውን ፓይ በወረቀት ጠቅልሎ ወጣ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ብርጭቆ ብርጭቋቸውን ያያሉ።

"ቃል ቃል ነበር፣ መሬሪድ" አለ ካዶጋን በመጨረሻ፤ ክፋት የለበትም አነጋገሩ።

"ነበር" አለች። ሽርጧን ፈትታ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ዝምታውን ሁለተኛ አልሞከሩትም። መዝሙሩን ግን የማንም ተጫዋች እናት ያልሆነች ሰው ብታነሳው ይሻላል ተባለ፤ ከቤተ ጸሎቱ መዘምራን መካከል ድምፅዋ የሚያምር አንዲት ሴት ተገኘች። ነሪስ ልትሟገትላት ፈልጋ ነበር። መሬሪድ "ተይው" አለቻት። መከራከር አቅም ይጠይቃል።

አሁን መሬሪድ አበርላስ ውስጥ፣ በዚያው ቤት ትኖራለች። ቡድኑ አሁንም ይሸነፋል፤ እነካዶጋን አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ይከራከራሉ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከሜዳው በር ማዶ፣ መንገዱ ዳር ትቆማለች። አውቶቡሱ ሲወጣ ልጇ የትኛው መስኮት ጋ እንደተቀመጠ ስለማታውቅ፣ እስከ መጨረሻው መስኮት ድረስ እጇን ታውለበልባለች። ከዚያ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።