ከከበሮ መቺዎቹ ኋላ ያለው በር

ዋጋዱጉ ውስጥ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ሞተር ሳይክል የምትጠብቀው አዋ ቶዬ በየቀኑ የሚመላለሰውን ሰውዬ ስም አታውቅም። ከሞሲ ብሔር መሆኑን ታውቃለች፤ ይኸው ይበቃታል። እሷ ሳሞ ናት፤ ሳሞና ሞሲ ደግሞ እንደ ወጋቸው ቀብር ላይ እንኳ በቀልድ ካልተሰዳደቡ ሐዘኑ ሐዘን አይባልም።

ነጭ ቀሚሱ ሁሌ እንደተተኮሰ ነው፤ የላስቲክ ጫማው ግን በሽቦ ተጠግኗል። ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ፊልም አይቶ በወጣ ቁጥር፣ የተሰለፈውን ሰው እንደ ደላላ ይለማመጣል።

"ታሪኩ አይረባም፤ ሙሽራውም ግንድ ነው። ግን ግቡ። ሠርጉ ላይ ከከበሮ መቺዎቹ ኋላ ያለውን ሰማያዊ በር እዩልኝ።"

"አንተ አህያ በላ፣" ትለዋለች አዋ፣ "በር ለማየት ትኬት ይቆረጣል?"

"ደጅ የሚያድር ሳሞ ስለ በር ምን ያውቃል።"

ፊልሙ በሚወርድበት ቀን ነገሩ ከንክኗት ገባች። በሩ የታየው ለቅጽበት ነው፤ አንዲት ወፍራም ሴት፣ ልጅ አዝላ ደፉ ላይ ቆማ፣ ፊልም ቀራጮቹን በእጇ ወግዱ ትላለች። አዋ ስትወጣ ሰውየው ቆሞ ይጠብቃታል።

"አየሻት?"

"አየኋት። ተቆጥታለች።"

"ያሰጣችውን ልብስ አቧራ አልብሰውባት እኮ ነው።" ሊስቅ ሞከረ። "ታጣቂዎች መንደራችንን ሲያቃጥሉት እኔ ገበያ ወጥቼ ነበር። የሚስቴና የልጄ ፎቶዎችም አብረዋቸው ነደዱ።"

ከበላያቸው አንድ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ የፊልሙን ፖስተር ይልጣል። አዋ ከፖስተሩ ወደ ሰውየው ዞረች።

"የነገውም ፊልም ጥሩ ነው ይባላል፤ ታየዋለህ?"

"እኔ ፊልም አልወድም፣" አላትና ሄደ።