ቅቤው ጌምና ደረቁ ጌም

ባለፈው ሳምንት ከጅማ ስመለስ፣ ጎጀብን ተሻግረን ዳገቱን ከያዝን በኋላ፣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የኋላ ጎማው ሸርተት አለ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ከዳገቱ የወረደው ቀይ ጭቃ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። መንሸራተቱ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም። ሾፌሩ መሪውን ጠምዘዝ አድርጎ መለሰው። ተሳፋሪው ሁሉ እንደየእምነቱ የፈጣሪውን ስም ጠራ። እኔ ግን እጄን ነበር የማየው። የግራ አውራ ጣቴ ጉልበቴ ላይ ተጭኖ፣ የመኪናው ጭራ ወደ ሸሸበት አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይገፋ ነበር። ማንም አላዘዘውም። በልጅነቴ የተማረውን እስከ ዛሬ አልረሳም።

ያን ጣት ማን እንዳስተማረው ልንገርህ።

ቦንጋ ከገበያው ከፍ ብሎ አንድ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ከመሃል አገር የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ፊት ለፊት ሳሙናና ዘይት ይሸጣሉ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ቴሌቪዥኖች ደርድረው ጌም ያጫውታሉ። መጋረጃውን ገልጠህ ስትገባ የልብስ ሳሙናና የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ አንድ ላይ ይቀበልሃል። መስኮት የለውም። የልጆቹ ፊት በቴሌቪዥኑ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠውና የሞተሩ ድምፅ አይሰማም፤ ያኔ ማርሽ የምንቀይረው በዓይናችን ነበር። ይኸው አሁንም ሳስበው ያ ሽታ ይመጣብኛል። ቤቱ ዛሬ የስልክ መሸፈኛ መሸጫ ሆኗል።

አብዛኛው ልጅ የሚጫወተው ኳስ ነው። እኛ ጥቂቶቹ መኪና ነበር የምንወደው፤ ከመኪናም ድሪፍት፣ መኪናውን ኩርባ ላይ ሆን ብሎ ማንሸራተት። ሦስት የመኪና ጌሞች ነበሩ፣ ስማቸውን ራሳችን ነው ያወጣንላቸው።

አንደኛው ቅቤው ነው። በሌሊት መብራት ያሸበረቀ ትልቅ ከተማ ውስጥ ትነዳለህ። የእጅ ፍሬኑን አንዴ ነካ ካደረግከው መኪናው ጭራውን ወርውሮ፣ ጭሱን እየተፋ፣ ኩርባውን እንደ ቅቤ ተንሸራትቶ ይጨርሰዋል። አይገለበጥም። ብትፈልግ እንኳ አይዞርብህም። ጆይስቲኩን ስትለቀው ራሱ ይቃናል። ሁለተኛው ጭቃው ነው፤ በጫካ መሃል፣ በኮረኮንች መንገድ። እዚያ ኩርባው ሳይደርስ መኪናውን ወደ ተቃራኒው ማወዛወዝ አለብህ። ወደ ማንኪራ የሚወስደውን መንገድ በክረምት ስለሚያስታውሰኝ እኔ እሱን ነበር የምወደው። ሦስተኛውን ግን ማንም አይፈልገውም። ደረቁ እንለዋለን። መሪ ካበዛህ ይዞርብሃል። በኩርባ መሃል ነዳጁን በድንገት ከለቀቅህ ይዞርብሃል። ጎማው ሳይሞቅ መንገድ አይይዝም፤ ሲዘንብማ አይወራ። ልጆቹ አንዴ ይሞክሩትና «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ፈተና?» ብለው ይተዉታል።

ጓደኛዬ እንደ ሁሉም ሰው ቅቤውን ነበር የሚጫወተው። በትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ ግን ትከሻው ሁሉ ይስቃል። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ልጃቸውን ሲያመጡና ሲወስዱ አይቻቸዋለሁ፤ ጋቢና ውስጥ ሲያስቀምጡት አንድ ትልቅ ሹም ያሳፈሩ ነበር የሚመስሉት።

ዘጠነኛ ክፍል እያለን፣ በበልጉ ዝናብ፣ ከሺሺንዳ ቡና ጭነው ወደ ቦንጋ ሲመጡ፣ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተንሸራትቶ ገደል ገባ። ረዳታቸው ተረፈ። እሳቸው አልተረፉም።

ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ከጓደኛዬ ጎን ተቀምጬ ነበር። ከኋላችን ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ፣ ስለ መኪና አውቃለሁ የሚል፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት ለጎረቤቱ እንዲህ አለው፤ «ፍሬን ባይረግጥ ኖሮ ይተርፍ ነበር። የገዛ እግሩ ነው የገደለው።»

ጓደኛዬ ዞር አላለም። ጆሮው ብቻ ሲቀላ አየሁት።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ «ጌም ቤት እንሂድ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ሊጫወት መስሎኝ ነበር። ቅቤውን አስከፈተና ወደ መጀመሪያው ኩርባ በሙሉ ፍጥነት ገብቶ፣ መሃል ላይ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ያዘው። መኪናው ጭሱን እየለቀቀ በሚያምር ሁኔታ ተንሸራተተ። ደገመው። አሁንም አማረ። ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ጌም ሰው አይገድልም» አለ።

ያኔ ነው ምን እንደሚፈልግ የገባኝ፤ ድንኳን ውስጥ የሰማውን ሊፈትን ነው።

ጭቃውን ሞከረ። «ይሄ ይሻላል» አለ፣ «ግን ስትወድቅ አንስቶ መንገድ ላይ ይመልስሃል።» ቀጥሎ ደረቁን ጠየቀ። ባለሱቁ በመገረም አዩት። ደግ ሰው ነበሩ፤ ደረቁን የሚጫወት ስለሌለ ተራ መጠበቅ ሳያስፈልገን ጥጉ ላይ ያለውን አሮጌ ቴሌቪዥን ለቀቁልን።

ደረቁ ውስጥ የጭነት መኪና የለም። ከነበሩት ረጅሙንና ከባዱን መርጦ፣ ክብደት የሚጨመርበትን ቦታ ፈልጎ ኋላው ላይ እስከ ጥግ ጫነበት። ዝናቡን አበዛው። ቁልቁለት ያለበት፣ በግራ በኩል ገደል የሆነ ኩርባ እስኪያገኝ መንገዶቹን ሁሉ ዞራቸው። ያን ኩርባ ካገኘ በኋላ ሌላ መንገድ አልነዳም። ሳምንት ከሳምንት፣ ከትምህርት በኋላ፣ አንድ ኩርባ።

የእኔ ሥራ ፍሬኑን ማየት ነበር። ስክሪኑ ጥግ ላይ ፍሬን ሲረገጥ የምትሞላ ቀይ መስመር አለች። «ረገጥኩ?» ይለኛል። «ረገጥክ» እለዋለሁ። ገደል። «አሁንስ?» «አልረገጥክም።» ገደል። ሲደክመው እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ያያል። ጣቴ የተማረው እዚያ ነው። ጭራው ወደ ሸሸበት መሪውን ስጠው፤ ግን አታብዛ፤ ግን አትዘግይ። መብራት ሲጠፋ ሌሎቹ ልጆች እያጉረመረሙ ይወጣሉ። እሱ ጆይስቲኩን እንደያዘ ጨለማው ውስጥ ይቀመጣል።

«እንሂድ፣ አይመጣም» እለዋለሁ።

«እስኪገባኝ አልሄድም።»

ቀስ በቀስ የገባን ነገር ነበር። የመጀመሪያው መንሸራተት አይገድልም። እሱን ብዙ ጊዜ ትይዘዋለህ። የሚገድለው ሁለተኛው ነው፤ ይዤዋለሁ ብለህ ስትተነፍስ፣ የኋላው ክብደት እንደ ዥዋዥዌ ወደ ሌላው ወገን ይመለሳል። ፍሬን ብትረግጥም ባትረግጥም ያ መመለሱ አይቀርም። ለማዳን ሁለቱም እጅ፣ የተረጋጋ ልብ፣ ትንሽም ዕድል ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ተሳካለት። መኪናው ወዲያ ተወዛወዘ፣ ወዲህ ተወዛወዘ፣ የገደሉን ጠርዝ ታክኮ ቀጥ አለ። ከወንበሬ ዘልዬ ጮህኩ። ኳስ የሚጫወቱት ሁሉ ዞረው አዩን። እሱ ግን አልተነሳም። መኪናው ሰው በሌለበት መንገድ ላይ በዝናብ ሲሄድ ያየው ነበር።

«እኔ ሁለተኛው እንደሚመጣ አውቅ ነበር» አለ። «አባዬ አያውቅም ነበር።»

በዚያው ሳምንት ሺሺንዳ እንሂድ አለኝ። ረዳቱ እዚያ መሆኑን ሰምቷል። ከአደጋው በኋላ መኪና ላይ አልወጣም ብሎ ገበያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ይሸጣል። የጓደኛዬ እናት ብታውቅ አትለቀውም ነበር፤ የትም ሲሄድ በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ ሴት ሆና ነበር ያኔ። ቢሆንም ሄድን፤ በገበያ ቀን፣ በጠዋት፣ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብበን። አባቱ የወደቁበት ኩርባ ላይ ስንደርስ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ እስኪያልፍ ድረስ አየ። ሣሩ በቅሎበታል። ምንም አይታወቅም።

ረዳቱን ያገኘነው ሸራ ላይ ክምር ልብስ ዘርግቶ ነው። ወጣት ነው፣ አንድ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ጓደኛዬን ሲያየው በእጁ የያዘው ሸሚዝ ወደቀ። መልኩ ቁርጥ አባቱን ነው።

«አንተ የጋሼ ልጅ ነህ» አለ።

ጓደኛዬ ሰላምታም አልሰጠ። መንገዱን ሙሉ ሲያዘጋጀው የቆየውን ጠየቀ። «ኩርባው ላይ ፍሬን ረግጧል?»

በዙሪያችን ሰው ይከራከራል፣ አንዲት ሴት የልጅ ሹራብ እያነሳች ትጥላለች።

«አላውቅም» አለ ረዳቱ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሲንሸራተት አንዴ መለሰው፤ ያንን አውቃለሁ። ተረፍን ብዬ ነበር። ከዚያ ወደ ሌላው ሲመለስ ጨፈንኩ።»

«ምንም አላየህም?»

«አላየሁም። ግን እጁን አውቃለሁ።» ረዳቱ መዳፉን ገልጦ የራሱ ደረት ላይ አሳረፈ። «አንዱን እጁን ከመሪው አንስቶ እዚህ ጋ ያዘኝ። ከወንበሩ ጋር አጣበቀኝ። ልጅን እንደምትይዝ። እስክንወድቅ አልለቀቀኝም።»

እኔ የማየው ጓደኛዬን ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ እግር ሲጠይቅ ከርሞ፣ የመጣለት መልስ የእጅ ሆነ። ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ሸሚዝ አነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ለረዳቱ ሰጠው። ረዳቱ ሸሚዙን ሳይሆን እጁን ያዘው። እንደዚያ ተያይዘው ቆዩ፤ ገበያው በዙሪያቸው ያልፍ ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ለራሱ ይመስል፣ «መኪናው በአንድ እጅ አይያዝም» አለ። «በሁለትም ከባድ ነው። በአንድ እጅ ማንም አይይዘውም።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ አለቀሰ፤ እኔም አላየሁህም ለማለት ወደ ሌላው ወገን ዞርኩለት።

በማግስቱ ጌም ቤት ስንገባ ባለሱቁ እንደ ልማዳቸው ወደ ጥጉ ቴሌቪዥን አመለከቱን። ጓደኛዬ ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ ቅቤውን ይክፈቱልኝ ጋሼ።»

ተራ ጠብቀን ተቀመጥን። ከተማው በራ፣ መኪናው ጮኸ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የእጅ ፍሬኑን ነካ አደረገና ጭራው ተወረወረ። በደረቁ የተገራው ጣቱ ሊመልሰው ሞከረ፤ መመለስ አያስፈልግም ነበር። መኪናው በራሱ አምሮ ወጣ። ጓደኛዬ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ሳየው እየሳቀ ነው።

«ውሸት ነው እኮ!» አልኩት።

«ውሸት ነው» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ግን እንዴት ያምራል፣ እየው።»

ዛሬ ሰዎች የትኛው ጌም ይሻላል ብለው ሲከራከሩ፣ ድሪፍቱ እውነተኛው የትኛው ነው፣ የሚያዝናናው የትኛው ነው ሲሉ፣ አፌን ይዤ አዳምጣለሁ። ደረቁ እውነቱን ነግሮናል፤ የነገረን ግን እስከሚያውቀው ድረስ ብቻ ነው። ቅቤው ምንም አያውቅም። ያን ቀን የሚያስፈልገን ግን እሱ ነበር።

ጓደኛዬ የረዳቱን ቃል ለእናቱ የነገራት ቅቤውን በተጫወትንበት ቀን ማታ ነው። እኔ አልነበርኩም። በማግስቱ መንገድ ላይ አግኝታ አስቆመችኝና «አንተም ሰምተሃል?» አለችኝ። «ሰምቻለሁ እትዬ» አልኳት። «እስቲ እንዴት እንዳለ ንገረኝ።» ነገርኳት። ስጨርስ «እንደገና» አለች። እንደገና ነገርኳት። በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ለራሷ የሆነ ነገር ተናገረችና፣ ጉንጬን በመዳፏ ዳስሳኝ ሄደች።

ዓመቱ ሲያልቅ እናቱና እሱ ጅማ ወደምትኖረው እህቷ ሊጠቃለሉ ተነሱ። ለተወሰነ ጊዜ በስልክ እንገናኝ ነበር፤ አንድ ቀን ቁጥሩ አልሠራ አለ፣ እኔም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ እንዲሁ ተጠፋፋን። አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ጅማ በሄድኩ ቁጥር እሱ ይሆን እያልኩ የሾፌሮቹን ፊት አያለሁ።

የሄዱ ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ጠዋት ነው፤ ጉም ከጫካው ወርዶ የመኪኖቹን መብራት ውጦታል። ዕቃው ተጫነ። እሱ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ወንበር አመራ፤ ባሏ ከሞቱ ወዲህ እናቱ ሾፌር አጠገብ አስቀምጣው አታውቅም። ጋቢናው ባዶ ነበር። እናቱ ክንዱን ያዘችው። ባዶውን ወንበር አየች፣ መሪውን አየች፣ ጉሙን አየች።

«ሂድ፣ እፊት ተቀመጥ» አለችው። «መንገዱን እያየህ ሂድ።»

እሷ በሩን ራሷ ከፈተችለት። እሱ ሲቀመጥ ዘጋችው፣ መዘጋቱንም በእጇ ገፋ አድርጋ አረጋገጠች። ከዚያ ገብታ በትክክል ከኋላው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ነጠላዋን ስባ ዓይኗን ሸፈነች።